አንድ ልጅ በአምስት ገጽ እንዴት ያድጋል? የአጭር ልብ ወለዴ መጨረሻ ላይ አስተያየት ስጡኝ

ሰኞማክሰኞ፦

ሰላም ቤቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን አንድ አጭር ልብ ወለድ ይዤ እየታገልኩ ነው። አንድ ልጅ በአንድ ማታ ውስጥ ከልጅነት ሲወጣ ማሳየት ፈልጌ ነው የጀመርኩት። ጅማሬውም መሐሉም ሄዶልኛል፤ መጨረሻው ግን እምቢ ብሎኛል።

ጊዜው የቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 ማታ ነው። ምንተስኖት የ12 ዓመት ልጅ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ ለመጨፈር ሲሰባሰቡ እሱን ገንዘብ ያዥ አድርገው መርጠውታል፤ አይዋሽም፣ አይሰርቅም ይባላልና። አባቱ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። እናቱ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ታሳድገዋለች። ልጆቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ቆይተው እነምንተስኖት ግቢ ይደርሳሉ። እዚህ ጋ ያለውን እንዳለ ልለጥፈው፦

«ዱላቸውን መሬት እየመቱ ወደ ግቢው ሲገቡ በበሩ ሥር ትታይ የነበረችው ቀጭን ብርሃን ድርግም አለች። አውራጁ ድምፁን ከፍ አደረገ። የቀሩት ተቀበሉ። አንድ ዙር ጨፈሩ፣ ደገሙት። የሚወጣ ሰው የለም። ‹እናትህ የሉም እንዴ?› አለ አውራጁ። ምንተስኖት ወደ ደጃፉ አየ። የእናቱ ኮንጎ ጫማ እዚያው ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ሄዶ ከጫማው ፊት ቆመ። ‹የለችም› አለ። ‹አክስቴ ጋ ሄዳለች። ኑ እንሂድ።›»

ከዚህ ቀጥሎ እንዲህ ብዬ ነው የዘጋሁት፦ «ከዚያች ሌሊት ወዲህ ምንተስኖት ልጅ አልነበረም። ድህነት ምን እንደሆነ ገባው። ለእናት ሲሉ መዋሸትም ፍቅር እንደሆነ ተረዳ። ሰው ሆነ።»

መዝጊያውን ደግሜ ሳነበው ይከብደኛል። ሳወጣው ደግሞ ያስነበብኳት ጓደኛዬ «እና ከዚያስ? ተቋረጠ እኮ!» አለችኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ?


እርሳስ፦

«ኑ እንሂድ» ላይ ጨርሺው። ከጫማው ፊት መቆሙ ሁሉን ተናግሯል። እዚያ ጋ ስደርስ ሆዴን ባር ባር አለኝ፤ ወዲያው «ድህነት ምን እንደሆነ ገባው» ስትይኝ ስሜቱ በረደብኝ።


የጉለሌ መምህር፦

እኅቴ፣ በርቺ፤ ጥሩ ነገር ይዘሻል። የእርሳስን ሐሳብ እደግፋለሁ፣ ግን ምክንያቱን በሰፊው ማየት ይበጃል።

ብዙ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁና መዝጊያሽ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ምንባብ እናስነብባለን፣ ከዚያ «ከዚህ ታሪክ ምን ትምህርት አገኛችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። ተማሪው ያን ለምዶ ሲጽፍም መልሱን አብሮ ይጽፋል፣ ጠያቂውን ላለማስቸገር። ከትምህርት ቤት በፊት ደግሞ ተረቱ አለ። ተራኪው ምክሩን ይናገርና «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይሰናበታል። ተረት ላይ ይህ ያምርበታል። የተረት ጅብ አያድግም፤ ዛሬም ነገም ያው ጅብ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱን የሚሸከመው ተራኪው ነው። ያንቺ ልጅ ግን ራሱ ያድጋል። ያደገው እሱ ከሆነ ቃሉን ከአፉ መንጠቅ ምን ያደርግልሻል?

እኔን ያሳሰበኝ ግን መጀመሪያው ነው። «አይዋሽም፣ አይሰርቅም ይባላል» ብለሽ ነገርሽን። ይባላል የሚለው ቃል እዚህ ቦታ አይበቃም። በሩ ላይ የተናገረው ውሸት ክብደት የሚያገኘው፣ ከዚያ በፊት እውነት ሲናገር በዓይናችን ካየነው ነው፤ ያውም እውነቱ ሌላ ሰው ሲጎዳ። በዚያ ዕድሜ ያለ እውነተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ርኅራኄ አያውቅም። ጓደኛው የቤት ሥራ ሲኮርጅ እጁን አውጥቶ ያሳብቃል፤ ጓደኛው ሲገረፍ ደግሞ ለምን ሰዉ እሱን እንደተቀየመው አይገባውም። እውነት ተናግሬ ለምን እጠላለሁ ይላል። እንዲህ ያለ ልጅ ገጽ አንድ ላይ ካገኘሁ፣ አራተኛው ገጽ ላይ «የለችም» ሲል ያለ ማንም እርዳታ ደንግጬ ቁጭ እላለሁ።

ረጅም ልብ ወለድ ለዚህ ብዙ ቦታ አለው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ወላጆቹ ለስለት ከሰጡበት ጊዜ አንሥተው እስከ ሞቱ ድረስ ይከተሉታል፤ ልጁ ትምህርቱን ሲቀስም፣ ከቤት ሲወጣ፣ ሲያፈቅር፣ ሲሸሽ እናያለን። አንቺ ያለሽ አንድ ማታ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መርጠሽ፣ ልጁ በፊት በዚያ ነገር ላይ ያደረገውንና በኋላ የሚያደርገውን አስተያዪን። መሐሉን አንባቢ ይሞላዋል።


ሰኞማክሰኞ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ለምን እጠላለሁ» ያሉት ነገር ልቤን ነካው። ምንተስኖትን እስካሁን በጣም ጨዋ አድርጌ ነው የጻፍኩት።


ባለ ማስታወሻ፦

ከውጭዎቹ ሁለት ልጨምር፤ ለዚህ ጥያቄ በጣም የሚጠጉ ስለሆኑ ነው።

አንደኛው የጄምስ ጆይስ «አራቢ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1914 በታተመው «ደብሊነርስ» የተባለ መድበል ውስጥ ይገኛል። አንድ የደብሊን ልጅ የጓደኛውን እኅት ወዷል። ልጅቷ «አራቢ» ወደሚባለው ባዛር መሄድ እንደማትችል ስትነግረው፣ ከሄድኩ አንድ ነገር አመጣልሻለሁ ይላታል። ቅዳሜ ማታ አጎቱ አምሽቶ፣ ቀምሶ ነው የሚመጣው፤ ልጁ ወደ ባዛሩ ሊሄድ እንደነበርም ረስቶታል። ልጁ ባዛሩ ጋ ሲደርስ አብዛኛው ሱቅ ተዘግቷል፣ የአዳራሹ አብዛኛው ክፍል ጨልሟል። አንዲት ሻጭ ከሁለት ወንዶች ጋር ታወራለች፤ መጥታ ምን ልርዳህ የምትለው ለደንቡ ያህል ነው። ምንም ሳይገዛ ይቀራል፣ መብራቱም ይጠፋል። የሆነው ይኸው ነው። የሞተ የለም፣ የተጣላ የለም። ግን ልጁ ራሱን ያየበት ዓይን ተለውጧል። ልብ በሉ፣ ጆይስ መጨረሻ ላይ ስሜቱን በቃል ይናገራል፤ ልጁ ከንቱነቱ እንደታየውና ዓይኖቹ በምሬትና በንዴት እንደተቃጠሉ ይነግረናል። ስለዚህ «ስሜት በጭራሽ አይነገር» የሚለው ሕግ ትክክል አይመስለኝም። ጆይስ የነገረን ልጁ የተሰማውን ነው። ከዚያ ምን እንደተማረ አልነገረንም። የሰኞማክሰኞ መዝጊያ ያለው ችግር እዚህ ላይ ነው፤ «ገባው»፣ «ተረዳ»፣ «ሰው ሆነ» ሦስቱም ውጤት ናቸው፣ አንዱም ስሜት አይደለም።

ሁለተኛው የካትሪን ማንስፊልድ «የአትክልት ሥፍራው ግብዣ» ነው፣ እ.ኤ.አ. 1922። ሎራ የሀብታም ቤት ልጅ ናት። ግብዣው ሊጀመር ሲል ከግቢያቸው በታች የሚኖር ድሃ ጋሪ ነጂ መሞቱ ይሰማል። ግብዣው ይቅር ትላለች፤ ማንም አይሰማትም። እናቷ የራሷን ባርኔጣ ታደርግላታለች፤ ሎራ በመስታወት ራሷን ስታይ አምሮባታል፣ ሐሳቧም ይላላል። ማታ ላይ ከግብዣው የተረፈውን ምግብ በቅርጫት ይዛ ለቅሶ ቤት ትላካለች። የሟቹን ፊት አይታ ስትወጣ ለወንድሟ «ሕይወት እኮ...» ትልና መጨረስ ያቅታታል። ዓረፍተ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ማንስፊልድ ልትጨርሰው ትችል ነበር፤ ልጅቷ ግን ገና አትችልም፣ ደራሲዋም ይህን አክብራላታለች።

ባርኔጣውን ደግሞ እዩልኝ። ጠዋት ኩራት ነው፣ ማታ አስከሬኑ ፊት ስትቆም «ባርኔጣዬን ይቅር በሉኝ» ትላለች። መምህር ያሉት «በፊትና በኋላ» ያ ነው።


ዳር ቆሜ፦

ሁላችሁንም በደስታ አነበብኩ፤ ግን አልተስማማሁም፣ ላስረዳ።

የደብሊኑ ልጅም ሎራም የሚያድጉት ከቤታቸው እየራቁ ነው። አጎት ያሳዝናል፣ እናት ታሳፍራለች፣ ልጅ ብቻውን ይቀራል፣ ያን ጊዜ አደገ እንላለን። ለእነሱ እውነት ነው። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ግን ልጅ አደገ የሚባለው ወደ ቤቱ ሲገባ ነበር። ጫማ ጠርጎ ያገኛትን ሳንቲም ለእናቱ ሲሰጥ፣ ታናሹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ እንግዳ ሲመጣ ሳይጠራ ተነሥቶ ውኃ ሲያስታጥብ። ምንተስኖት በሩ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የቤቱን ገመና ከለለ። ስለዚህ «ኑ እንሂድ» ላይ ከቆረጣችሁት ታሪኩ የሐዘን ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ብርሃኑ ጠፋ፣ ልጁ አዘነ፣ አለቀ። እኔ ማየት የምፈልገው ይህ ልጅ ከዚያ በኋላ በጓደኞቹ መካከል እንዴት እንደሚቆም ነው። ጓደኛዋ «እና ከዚያስ?» ያለችው እውነቷን ነው። ትምህርት አልጠየቀችም፤ ቀጥሎ የሆነውን ነው የጠየቀችው። ሁለቱን አታምታቱ።


እርሳስ፦

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ነጥብ ተቀብያለሁ። ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ገጸ ባሕርይ የግድ ማደግ አለበት? የቼኾቭ «ቫንካ»ን አስቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣውን። የ9 ዓመት ልጅ ሞስኮ ውስጥ ጫማ ሠሪ ቤት ተቀጥሮ ይደበደባል፣ ይራባል። የገና ዋዜማ ማታ ተደብቆ «መጥተህ ውሰደኝ» ብሎ ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ፖስታው ላይ የሚጽፈው አድራሻ «መንደር፣ ለአያቴ» የሚል ነው፤ ቆይቶ አስቦበት የአያቱን ስም ይጨምርበታል። ሳጥን ውስጥ ከትቶ በተስፋ ይተኛል። ቫንካ አላደገም። ደብዳቤው እንደማይደርስ የምናውቀው እኛ ነን። ያደግነው እኛ ነን ማለት ይቻላል፣ በእሱ ፈንታ።


ባለ ማስታወሻ፦

ጥሩ አመጣኸው። ይህ ደግሞ ለሰኞማክሰኞ አንድ ምርጫ ይከፍትላታል፤ ምንተስኖት መብራቱ ለምን እንደጠፋ ያውቃል ወይስ የሚያውቀው አንባቢው ብቻ ነው? አሁን ባለው ጽሑፍ ያውቃል፤ ከጫማው ፊት ስለቆመ። የ7 ዓመት ልጅ ቢሆን ኖሮ «እማዬ ተኝታለች መሰለኝ፣ ጮክ ብለን እንጨፍር!» ይል ነበር፣ ታሪኩም ከቫንካ ጋር ይሄድ ነበር። ዕድሜውን 12 ማድረግሽ ልክ ነው።


ኔታንያ ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ ከእስራኤል። ጉዳዩ የራሴ ሆኖ ስላገኘሁት ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

እ.ኤ.አ. በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ከመጡት ቤተሰቦች ነን። እኛ ልጆቹ ዕብራይስጡን ትምህርት ቤት ቶሎ ለመድነው፤ ወላጆቻችን ኡልፓን፣ ማለትም ለአዲስ ገቢዎች ዕብራይስጥ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት፣ ተቀምጠው እንኳ ከበዳቸው። ስለዚህ ባንክ፣ ክሊኒክ፣ ወላጅ ሲጠራ ትምህርት ቤት፣ አስተርጓሚዎቹ እኛ ነበርን። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ሐኪም ፊት ተቀምጣ አስቡ። ሐኪሙ ለእናቷ አንድ ከባድ ነገር ይናገራል። እናት የልጇን ፊት ታያለች፣ ልጅ የሐኪሙን አፍ። ከዚያ ልጅቷ «መድኃኒቱን ካልተውሽ ደህና ትሆኛለሽ ነው የሚለው» ትላለች። ሐኪሙ ያለው ግን ሌላ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያሉ ብዙዎቻችን ይህን አድርገናል።

ምንተስኖት «የለችም» ሲል ያቺን ልጅ ነው ያየሁበት። ዳር ቆሜ የጻፉትም ትክክል ነው፤ ወላጁን መሸፈን የጀመረ ልጅ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ያለው ቦታ ይለወጣል፣ ማንም ሳያውጅለት። ግን አንድ ነገር ጎደለኝ፤ እናቲቱ። በሩ ቀጭን ነው፣ እሷም ከጀርባው ቆማለች፤ ልጇ ሲዋሽላት ትሰማለች። ማታ ሲገባ ምን ትለዋለች? በእኛ ቤት እንዲህ ያለው ነገር አይነሣም። እራት ይቀርባል፣ የተሻለችው ቁራጭ ወደ ልጁ ትገፋለች። እናቶቻችን የሚያውቁትን የሚናገሩት በሰሃኑ ነው።


አወያይ፦

ሁለት ሰዎች የራሳቸውን ጽሑፍ እዚህ ሥር ለጥፈው ነበር፤ ወደ ሌላ ክር አዛውሬላቸዋለሁ። እዚህ በሰኞማክሰኞ ጽሑፍ ላይ ብቻ እንቆይ።


ሰኞማክሰኞ፦

ሁላችሁም ኑሩልኝ። እንደገና ጻፍኩት። ሁለት ቦታ ነው የተለወጠው።

ገጽ አንድ ላይ ቤኪ የሚባል ልጅ አስገባሁ። ባለሱቁ 50 ብር ከሰጧቸው በኋላ ያለው ነው፦

«‹ቤኪ አሥር ብር ካልሲው ውስጥ ከቷል!› አለ ምንተስኖት። ሁሉም ቆሙ። ቤኪ ‹አልከተትኩም› አለ። ‹ከተሃል፣ ሐረግ ሬሳው ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብለህ› አለ ምንተስኖት፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣም ጥላቻም አልነበረም፣ የሒሳብ መልስ እንደሚናገር ነበር። አውራጁ የቤኪን ዱላ ተቀበለውና ከኋላ እንዲሰለፍ አደረገው። ከዚያ ጀምሮ ቤኪ ያለ ዱላ ባዶ እጁን ጨፈረ። ምንተስኖት ብሩን ከሌላው ጋር አስተካክሎ አጠፈ።»

መጨረሻው ደግሞ ከእነምንተስኖት ግቢ ከወጡ በኋላ ነው። የሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ገንዘቡንና ሙልሙሉን ይካፈላሉ፦

«ሙልሙሉን የሚቆጥረውም ምንተስኖት ነበር። ከፌስታሉ እያወጣ ደረደረ። አሥራ አንደኛውን ሲያነሣ ቤኪ አንዱን ከዳር ስቦ ጃኬቱ ሥር ሲያስገባ አየው። ቤኪም መታየቱን አወቀ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፣ ትከሻውን እንደሚመታ ሰው ሰበሰበ። ‹ስንት ሆነ?› አለ አውራጁ። ምንተስኖት የቀረውን ቆጠረ። ‹አሥራ ሦስት› አለ። ‹አሥራ አራት አልነበረም?› ‹አሥራ ሦስት ነው። ቆጥሬዋለሁ።›»

እዚህ ላይ ነው የጨረስኩት። እናትየውን ለጊዜው አላስገባኋትም፤ የኔታንያዋ እኅቴ ያለችው እራት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው የሚመስለኝ።


ዳር ቆሜ፦

ይኸው! አሁን ልጁ ከሰው መካከል ነው። ከራሱ ገመና ተነሥቶ የሌላውን ገመና ማየት ጀመረ። ቤኪስ ቤት ምን አለ? አናውቅም፤ ምንተስኖትም አያውቅም፤ ግን ሊኖር እንደሚችል ገመተ። ማደግ ከተባለ እኔ የማውቀው ይህንን ነው።


እርሳስ፦

በጣም ጥሩ ነው፣ ግን የበሩ ትዕይንት እንዳይደበዝዝ እሰጋለሁ። አንባቢ የሚያስታውሰው መጨረሻ ያየውን ነው፤ እኔ ደግሞ ጫማውን እንዲያስታውሱ ነው የምፈልገው።


የጉለሌ መምህር፦

ግሩም አድርገሽዋል። እርሳስ የሰጋው ስጋት ግን ቀላል አይደለም። መፍትሔው በርዝመት ነው ብዬ አምናለሁ። በሩ ላይ ቆዪ፤ ጭፈራው ሁለት ዙር ከሄደ ሁለቱንም ዙር እንስማው፣ ልጆቹ ትንፋሻቸው ሲያጥር፣ ዝናቡ ሲያካፋ። የሱቁ በረንዳ ግን አሁን እንዳለው አጭር ይሁን።

ሌላው፣ «እንደሚመታ ሰው ሰበሰበ» የሚለው በቂ ነው፤ «ቤኪም መታየቱን አወቀ» የሚለውን አውጪው። ትከሻው ነግሮናል። «ቁጣም ጥላቻም አልነበረም» የሚለውን ግን እንዳትነኪው፤ የምንተስኖት የፊተኛው ጠባይ ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው።


ባለ ማስታወሻ፦

አንድ ቴክኒካዊ ነገር። አሁን በሦስተኛ መደብ ነው የምትጽፊው፣ ዓይኑ ግን የምንተስኖት ነው፤ እሱ ያላየውን አናይም። ይህን እስከ መጨረሻ ጠብቂው። የመጀመሪያው መዝጊያሽ የተበላሸበት አንዱ ምክንያት «ከዚያች ሌሊት ወዲህ» ያለው ሰው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ቆሞ የሚናገር ሌላ ሰው በድንገት ገባ። እንዲህ ያለ ተናጋሪ ከፈለግሽ ይቻላል፤ «አራቢ» የሚተረከው በ«እኔ» ነው፣ ቋንቋውም የትልቅ ሰው ነው፣ ሕፃን እንዲያ አይናገርም። ግን ያ ድምፅ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ አብሮን አለ። መጨረሻ ላይ ብቻ ብቅ ሲል ነው ሰባኪ የሚሆነው።


ሰኞማክሰኞ፦

ገባኝ፤ በሦስተኛ መደብ እቀጥላለሁ። መምህር ያሉትን መስመር አሁን አወጣሁት። በሩ ላይ ያለውንም ከግማሽ ገጽ ወደ አንድ ገጽ ተኩል እያሳደግሁት ነው፤ አውራጁ ግጥም እያለቀበት ያንኑ ሲደጋግም፣ ምንተስኖት ደግሞ ቶሎ እንዲጨርስ እየጸለየ መቀበል ሲያቅተው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፤ ቤኪ ሙልሙሉን ለማን እንደወሰደው ፍንጭ ልስጥ? ቀደም ብሎ ታናሽ እኅቱ አጥር ሥር ቆማ ስታያቸው የምትታይበት መስመር አለኝ።


ኔታንያ ነኝ፦

አውጪያት እኅቴ። እኅቱ ከታየች ምንተስኖት የሚያዝነው ለእሷ ይሆናል። ሳያውቅ ሲተውለት ነው የሚበልጠው።


ዳር ቆሜ፦

እኔ ደግሞ ተያት እላለሁ፤ አንድ መስመር ናት፣ የሚያስተውል ያስተውላታል።


ሰኞማክሰኞ፦

እሺ፣ ሁለቱንም አድርጌ ጽፌ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ከቡሄ በፊት።